ተርቦ ልናስገባ በተቃጠርንበት ሳምንት

ይህን የምጽፈው አንድ ሰው ለማመስገን ነው። ስሙን እንዳልጠራ ስላስጠነቀቀኝ እዚህ ኤልያስ ብዬዋለሁ። እኔ ሰብለ እባላለሁ፤ ጉለሌ ተወልጄ ያደግሁ የጭነት መኪና ሹፌር ነኝ። "ሴት የጭነት ሹፌር?" ብላችሁ ከተገረማችሁ አልቀየማችሁም። ትራፊክ ፖሊስ እንኳ ሲያስቆመኝ መጀመሪያ የሚያየው እኔን ሳይሆን ከጎኔ የተቀመጠውን ወንድ ነው።

መኪናዋ የአባቴ ነበረች። ዓይኑ እየደከመ ሄዶ ሐኪሙ "ከእንግዲህ መሪ አይያዙ" ሲለው ሊሸጣት ገዢ ማነጋገር ጀመረ። እኔ ያን ጊዜ የተማሪዎች ሰርቪስ ሚኒባስ እነዳ ነበር። "አባባ አትሽጣት፤ እኔ እይዛታለሁ" አልኩት። ከቀናት በኋላ አንድ ጠዋት ቁልፉን ከቁርሴ አጠገብ አስቀመጠልኝ። ቁልፉን ሰጠኝ እንጂ መኪናዋን ግን አልሰጠኝም። ሥራ ውዬ ስገባ "ደከመሽ ወይ?" ከማለቱ በፊት "መኪናዬ እንዴት ዋለች?" ነው የሚለኝ።

ሥራዬ ከሱሉልታ የታሸገ ውሃ ጭኖ አዲሱ ገበያ ላለ አከፋፋይ ማድረስ ነው። መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ለማታውቁት ልንገራችሁ፤ ከሱሉልታ ሜዳ ተነስታችሁ ወደ አዲስ አበባ ስትመጡ መጀመሪያ ዳገት ትወጣላችሁ። ጫፉ ላይ ከተማዋ ከታች ተዘርግታ ትታያችኋለች። ከዚያ ወዲያ እስከ አዲሱ ገበያ ድረስ ቁልቁለት ነው። ከፍታው ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ሞተርም እንደ ሰው ትንፋሽ ያጥረዋል። የእኔዋ ውሃ ጭና ያንን ዳገት ስትወጣ እያለከለከች፣ ጥቁር ጭሷን እየለቀቀች፣ ከኋላዋ የመኪና ሰልፍ እየጎተተች ነው።

ከዚያ ሰልፍ ውስጥ ቀድሞ ጥሩንባ የሚነፋው ኤልያስ ነበር። እሱም ለዚያው አከፋፋይ ነው የሚሠራው። መኪናው ከእኔዋ ጋር አንድ ዓይነት፣ በዕድሜም የምትቀራረብ ናት፤ ያን ጊዜ የማውቀው ልዩነት የእሱ ተርቦ የገባላት መሆኑን ብቻ ነበር። ትንሽ ቀጥ ያለ መንገድ ሲያገኝ ተርቦው እያፏጨ አልፎኝ ይሄዳል፤ ሲያልፍም እጁን በመስኮት አውጥቶ ያውለበልብልኛል። ሰላምታ ይሁን ፌዝ አላውቅም ነበር። ብቻ በጣም ነበር የሚያናድደኝ።

አንድ ቀን አከፋፋዩ ጠራኝና "ሰብልዬ፣ ሥራሽን እወደዋለሁ። ግን ሌሎቹ አራግፈው ሲመለሱ አንቺ ገና ዳገት ላይ ነሽ። ለበዓሉ ጭነት ይጨመራል። መኪናሽን የሆነ ነገር አድርጊያትና እንነጋገር፤ ካልሆነ ለሌላ ሰው መስጠቴ ነው" አለኝ።

በማግስቱ አባቴን ይዤ ሩፋኤል አካባቢ ወዳለው ጋራዥ፣ ጋሽ ሰይፉ ዘንድ ሄድኩ። ጋሽ ሰይፉ ከአባቴ ጋር አብረው ያረጁ መካኒክ ናቸው። ኮፈኑን ከፍተው፣ ሞተሩን አስነስተው አዳመጡና እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ "ምንድነው የምትፈልጉት?" አሉ።

"ጉልበት" አልኩ እኔ።

"እሱማ ሁላችንም እንፈልጋለን" ብለው ሳቁ። ከዚያ ረጋ ብለው አስረዱኝ። "ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ተርቦ ነው። ተርቦ ማለት ሞተሩ በራሱ ከሚስበው በላይ አየር እየገፋ የሚያጎርሰው ዕቃ ነው። አየር ሲጨመር ናፍጣም ይጨመራል፤ ሁለቱ ሲጨመሩ ጉልበትም ሙቀትም ይጨምራል። ይህች ሞተር ደግሞ ከፋብሪካ ስትወጣ ለተርቦ ተብላ አልተሠራችም። ይቻላል፣ ግን ራዲያተሩም የሞተሩ ማሸጊያ ጓርኒሲዮንም አብሮ መታየት አለበት። ሁለተኛው መንገድ ፓምፑንና ናፍጣ የሚረጩትን ኖዝሎች አስመርምረን፣ የሞተሩን ክዳን ቴስታታውን አውርደን የጠፋባትን ጉልበት መመለስ ነው። አዲስ ጉልበት አታገኝም፤ በወጣትነቷ የነበራትን ታገኛለች።"

"በወጣትነቷስ ዳገቱን ትወጣው ነበር?" አልኩ።

"አሳምራ!" አለ አባቴ ከጎኔ። ሲሰማ ቆይቶ ነው። "ሰይፉ፣ እኔ ሌላ ነገር ነው የምልህ። ፍሬን ሞተር አስገባላት።"

ፍሬን ሞተር የሞተሩን ጭስ መውጫ አፍኖ፣ ሞተሩ ራሱ መኪናዋን እንዲይዛት የሚያደርግ ዕቃ ነው። ቁልቁለት ስትወርዱ የእግር ፍሬኑን ያግዘዋል። ጠቃሚ መሆኑን አውቃለሁ። ግን የዚያን ዕለት እኔ ያሳሰበኝ ዳገቱ ነበር።

"አባባ፣ እኔ ስለ መውጣት ሳወራ አንተ ስለ መውረድ ታወራለህ።"

"ከወጣሽ መውረድሽ አይቀርማ! ጉልበት ሲጨመርላት ሰውየው ጭነት ይጨምርብሻል። ያ ጭነት ጫፉ ላይ አይቀርልሽም፤ አብሮሽ ነው የሚወርደው።"

"ሁለቱንም ባንዴ ማድረግ አንችልም።"

"እንግዲያው መኪናዬ ላይ እኔ ያልኩት ይደረግ።"

ጋሽ ሰይፉ ቀና ብለው አዩን፤ ከዚያ ድንገት አንድ የጠፋ መፍቻ የሚፈልጉ ይመስል ወደ ውስጥ ገቡ። እኔና አባቴ እዚያው ተፋጠጥን። የማሸነፊያ ቃል ያገኘሁት እኔ ነኝ፦ "አባባ፣ ሥራው ከተወሰደብኝ ፍሬን ሞተር የገባላት መኪና ግቢ ውስጥ ቆማ ትውላለች።" ተርቦው ለቅዳሜ ተቀጠረ።

ወደ ቤት ስንመለስ መንገዱን ሙሉ በመስኮት ወደ ውጭ እያየ ነው የመጣው። ቤት በር ላይ ስንደርስ ግን "ሞተሯ ከመከፈቷ በፊት አንድ ቀን አብሬሽ ልውጣ። ድምጿን ልስማት" አለኝ። ቅር ብሎታል። እኔም አንጀቴ ስላልቻለ እሺ አልኩት።

ሐሙስ ጠዋት አብረን ወጣን። ሱሉልታ ላይ ሲጫን ቆሞ አየ፤ ገመዱን በእጁ እየዳበሰ መጥበቁን አረጋገጠ። ዳገቱን ስንጀምር ዓይኑን ጨፍኖ ጆሮውን ወደ ሞተሩ ሰጠ። ጸሎት ላይ ያለ ሰው ነበር የሚመስለው። ጫፉ ጋ ስንቃረብ "አንዱ ኖዝል በደንብ አይረጭም። ሰምተሽዋል?" አለኝ።

"እኔ የምሰማው የኤልያስን ጥሩንባ ነው" አልኩት። እውነትም ከኋላችን ነበር። የዚያን ዕለት ከፊት የሚመጣው መኪና ስለበዛ ማለፊያ አላገኘም።

ጫፉን አልፈን ቁልቁለቱን ጀመርን። በሁለተኛ ማርሽ ጥቂት ከወረድኩ በኋላ መንገዱ ትንሽ ለጥ ወደሚልበት ስንደርስ ሦስተኛ አስገባሁ። ቀጥሎ ያለው ቁልቁለት ከመድረሱ በፊት ፍጥነት ልቀንስ ፍሬን ረገጥኩ። እግሬ እስከ ወለሉ ድረስ ገባ።

በባዶ ቤት ውስጥ የሌለ ደረጃ እንደረገጠ ሰው ሆንኩ። ደግሜ ረገጥኩ። ምንም የለም። በኋላ እንዳየነው ለኋላ ጎማዎች የፍሬን ዘይት የሚወስደው ቧንቧ ፈንድቶ ነበር።

"አባባ፣ ፍሬን የለኝም።"

አልጮኸም። "ማርሽ ቀንሺ" አለኝ ብቻ።

ፍሪሲዮን ረግጬ ሁለተኛ ላስገባ ስል ማርሹ ጮኸ። አልገባም። ወደ ሦስተኛ ልመልሰው ስል ፍጥነቷ ጨምሮ ነበርና እሱም እምቢ አለኝ። አሁን ፍሬንም ማርሽም የለኝም። ከኋላዬ አንድ ሙሉ ጭነት ውሃ እየገፋኝ ነው። የእጅ ፍሬኑን ጎተትኩ፤ የሚቃጠል ነገር ሸተተኝ እንጂ ያመጣው ለውጥ አልነበረም።

"ወደ ተራራው ተጠጊ፤ ግድግዳው ላይ አሻሻት" አለ አባቴ። በደከመ ዓይኑ ያላየውን ግን እኔ አየሁት። በተቆረጠው ተራራ ሥር፣ በቦዩ ዳር፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል የተሸከሙ እናቶች ተከታትለው እየወረዱ ነው። ከሸክማቸው ብዛት ቀና ማለት እንኳ አይችሉም።

"ሰው አለ አባባ! ሰው አለ!"

በግራዬ ከፊት የሚመጣ መኪና፣ ከዚያም ወዲያ ገደል። በቀኜ እናቶቹ። ከፊቴ ደግሞ ቁልቁለቱ፣ ቁልቁለቱ ሥር አዲሱ ገበያ፤ ታክሲ የሚጠብቅ ሰው፣ ዳር ላይ ሽንኩርት የዘረጋ ሰው። እጄ ጥሩንባው ላይ ተጣብቆ ቀረ። አንድ ሐሳብ ብቻ ነበር በጭንቅላቴ ውስጥ የሚመላለሰው፦ ማን ላይ? ማን ላይ ነው የምሄደው?

በዚህ መሀል በግራ መስተዋቴ ኤልያስን አየሁት። መብራቱን አብርቶ፣ ጥሩንባውን ሳያቋርጥ እየነፋ ሊያልፈኝ ነው። ከፊት ይመጣ የነበረ ሚኒባስ ፈንጠር ብሎ ዳር ወጣለት። "አሁንም ይቀድመኛል!" ብዬ እንደተሳደብኩ አስታውሳለሁ። አልፎኝ ከፊቴ ገባ። ከዚያ የሄደ መስሎኝ ሳለ ጅራቱ እየቀረበኝ መጣ።

አባቴ ነው የገባው። ዓይኑ ባያይም ጆሮው ሰማ። "ፍሬን ሞተር አለው፤ አሠራው! ትሰሚያለሽ? ሊይዘን ነው! መሪሽን ቀጥ! ከኋላው አትውጪ፣ ተለጠፊበት!"

ተለጠፊበት የተባለው ነገር ከማስበው በላይ ነበር። በሕይወቴ ሙሉ ከፊት ያለን መኪና ላለመንካት ነው የተማርኩት። መሪውን ጨብጬ ዓይኔን የእሱ ጅራት መሀል ላይ ተከልኩ። ደረስንበት። የመጀመሪያው ግጭት ጥርሴን አጋጨው፤ የፊት መከላከያው ብረት ፓራውልቴ ተጣመመ፤ ተላቀቅን። የእሱ መኪና ወደ ግራ ተወዛወዘች። "አለቀ" አልኩ በልቤ። ግን መልሶ ቀጥ አደረጋትና እንደገና ጠበቀኝ። አዎ፣ ጠበቀኝ! ሊሸሽ ሲችል። ሁለተኛው ግጭት ከባድ ነበር። ብረት ከብረት ተያያዘ።

ከዚያ በኋላ ሁለት መኪና ሳንሆን አንድ ነበርን። የእሱ ሞተር እንደታፈነ አውሬ እያጓራ፣ ከጎማው ጭስ እየወጣ ሁለታችንንም ይዞ ወረደ። የእናቶቹን ሰልፍ አለፍን፤ አንዷ ቀና ብላ ፊቴን አየችኝ። ፍጥነታችን ቀነሰ። ደግሞ ቀነሰ። አባቴ በቀስታ፣ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው፣ "ቀጥ... ቀጥ... የኔ ልጅ ቀጥ" ይል ነበር።

ቆምን። ከፊታችን መታጠፊያው ነበር፤ ከመታጠፊያው ሥር ደግሞ የታክሲው ሰልፍ።

ሰዎች ድንጋይ ይዘው ሮጠው መጡና ጎማዎቹን አገዱ። አባቴ እጁን በእጄ ላይ አኑሮ ጣቶቼን አንድ በአንድ ከመሪው አላቀቀልኝ። ኤልያስ ወርዶ እየሮጠ መጣ። ፊቱ ዐመድ መስሏል።

"ሰው ተጎዳ?"

"የለም" አልኩት።

"ከኋላስ? እናቶቹስ?"

"ደህና ናቸው።"

ይህን ሲሰማ መንገዱ ዳር ቁጭ አለ። ከጭነቴ አንድ እሽግ ውሃ ተበጥሶ ወድቆ ነበር፤ አንዲት ሴት ከዚያ አንስታ በሚጨሰው ጎማው ላይ አፈሰሰች፤ አንድ ጠርሙስ ደግሞ ለእሱ ሰጠችው። ሲጠጣ ግማሹ ደረቱ ላይ ነው የፈሰሰው።

አጠገቡ ተቀመጥኩ። "እንዴት አወቅህ?"

"አስፋልቱ ላይ የፍሬን ዘይትሽ መስመር ሠርቶ አየሁ። ከዚያ ጥሩንባሽን ሰማሁ። አንቺ ደግሞ ጥሩንባ ነፍተሽ አታውቂም።"

"ገፍተንህ ብትገለበጥስ?"

ትንሽ አሰበ። "እሱን ገና አሁን ነው ያሰብኩት" አለና ሳቀ። ሳቁ መሀል ላይ ወደ ልቅሶ ተለወጠበት፤ ፊቱን ወደ ገደሉ አዞረ። አባቴ መጥቶ በእጁ ትከሻውን ፈለገው፤ ሲያገኘው አንገቱን አቅፎ ሳመው። ለረጅም ጊዜ አልለቀቀውም።

ቅዳሜ ቀጠሯችን አልቀረም፤ መኪናዋ ግን ጋራዥ የገባችው ተጎትታ ነው። ተርቦው ከሳጥኑ ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀን ነበር። ጋሽ ሰይፉ እሱን አዩ፣ እኛን አዩ። አባቴን "እንደፈለግከው ይሁን አባባ" ልለው አፌን ስከፍት ቀደመኝ።

"ሰይፉ፣ እሷን ጠይቃት። መኪናዋ የሷ ናት።"

ጋሽ ሰይፉ ወደ እኔ ዞሩ። ከዚያ በፊት ያን ቃል ከአባቴ አፍ ሰምቼው አላውቅም። አባቴ መሬት መሬቱን እያየ ቀጠለ። "መሪውን የያዘችው እሷ ናት። እኔ ብሆን ወደ ግድግዳው ነበር የምወስደው። እናቶቹን አላየኋቸውም ነበር።"

የመረጥኩትን ልንገራችሁ፤ ምናልባት አሮጌ መኪና ያላችሁ ትጠቀሙበት ይሆናል። መጀመሪያ የፍሬኑ መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ ተቀየረ። ቀጥሎ ፍሬን ሞተር ገባላት። ከዚያ ጋሽ ሰይፉ ሁለተኛ ያሉትን መንገድ ያዝን፤ ፓምፕና ኖዝሎቿ ተመረመሩ፣ ቴስታታዋ ወርዶ ተስተካከለ፣ የራዲያተሯ ውስጥ ታጠበ። አባቴ የሰማው ኖዝል እውነትም ተበላሽቶ ነበር። ተርቦውን መለስነው። ተርቦ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ኤልያስ ዛሬም በተርቦ ነው የሚሠራው፤ እሱ ግን ፍሬን ሞተሩን ቀድሞ ነው ያስገባው። ጉልበት ከመጨመራችሁ በፊት የያዛችሁትን ጉልበት ማቆም መቻላችሁን እዩ፤ እኔ የምለው ይኼን ብቻ ነው። ጥቁር ጭሷ ጠፍቷል፤ ዳገቱንም ከበፊቱ በተሻለ ትወጣለች። ቢሆንም አሁንም የሚቀድሙኝ ብዙ ናቸው። የበዓሉን ተጨማሪ ጭነት አከፋፋዩ ለሌላ ሰው ሰጠው። ከፋኝ፤ ግን እንደገመትኩት አልሞትኩም። የቀድሞው ሥራዬ ዛሬም በእጄ ነው።

የተለወጠው ሌላ ነገር ነው። ድሮ ጠዋት መሪ ስይዝ ብቻዬን የምሠራ ይመስለኝ ነበር፤ መንገዱ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ወይ የሚቀድመኝ ወይ የምቀድመው ነበር። አሁን ከኋላዬ መብራት ሲበራ "ይኼ ሰው ማን ይሆን?" እላለሁ። ስሙን የማላውቀው ሰው አንድ ቀን ጅራቱን ሰጥቶ ሊያቆመኝ ይችላል። እኔም ለሌላ ሰው። እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ሕይወታችሁን ያተረፈ ሰው ካለ "አመሰግናለሁ" ማለታችሁ አይቀርም። እኔ ግን አንድ ነገር ልጨምርላችሁ፤ ለእሱ ብቻ አትንገሩት። ቤት ሆኖ ለሚጠብቀውም ሰው ሄዳችሁ ንገሩለት።

ይህን ያልኩት ከሁለት ሳምንት በኋላ እኔና አባቴ ሽሮ ሜዳ ኤልያስ ቤት ስለሄድን ነው። የመኪናውን ጅራት አስጠግነንለት ነበር፤ እሱ ግን ሥራ ላይ ስለነበር ያገኘናቸው እናቱን ነው። ጠባብ ግቢ ውስጥ፣ ከሸማኔው ጎረቤታቸው ግድግዳ ሥር ፀሐይ እየሞቁ ጥጥ ይፈትሉ ነበር። የኤልያስ ባልደረቦች መሆናችንን ስንነግራቸው እንዝርቱ ከእጃቸው ወደቀ።

"ምን ሆነ? ተጋጨ?"

"ኧረ ደህና ነው እናቴ፣ ደህና ነው!" አልኩ ተሽቀዳድሜ።

ልጃቸው ምንም አልነገራቸውም ነበር። አባቴ ባርኔጣውን አውልቆ ተቀመጠና ሁሉንም ነገራቸው፤ ቧንቧውን፣ ቁልቁለቱን፣ ቅጠል የተሸከሙትን እናቶች፣ ሁለተኛውን ግጭት። ሴትየዋ አንድም ቃል ሳያቋርጡ ሰሙ። ሲጨርስ የወደቀውን እንዝርት አነሱ።

"ሲነዳ እንደሚፈጥን አውቃለሁ" አሉ በመጨረሻ። "ሁሌ ስልክ በተደወለ ቁጥር 'ልጅሽ ሰው ገጨ' ልባል ነው የምጠብቀው። እስከ ዛሬ እንዲህ ብሎ የመጣልኝ ሰው የለም።"

የነጠላቸውን ጫፍ ዓይናቸው ላይ ያዝ አድርገው ቆዩ። ከዚያ በእግራቸው አንድ ዱካ ወደ አባቴ ገፉለት፤ ቀረብ እንዲል።

"እስቲ ጌታዬ፣ ከመጀመሪያው ይንገሩኝ።"

አባቴም ቀረብ ብሎ ከመጀመሪያው ጀመረ።